ከአዲጋላ የተነሳው ሰረገላ

ዲሪዬ አልጋውን የዘረጋው ባቡር ላይ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ቢሻሮ፣ እንዲሁም አንድ ቀን እንኳ እቤታቸው ገብቶ ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ ነው፤ ይኸውም መላው አዲጋላ ማለት ነው። የማያውቁት ከጂጂጋ የሚመጡ ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ ስላልጠየቁ እንጂ ማንም አልደበቃቸውም።

ቤቱ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የቆመ የጣሊያን ፍርስራሽ ነው። በወረራው ዘመን አንድ ጣሊያን ተቋራጭ ለሀዲዱ ድንጋይና እንጨት እያቀረበ ኪሱ ሲሞላ፣ የጥንት የሮማ መኳንንት ገጠር ወጥተው ያርፉበት የነበረውን ዓይነት ቪላ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የት? አዲጋላ! ፍየል እንኳ በቀትር ጥላ ፍለጋ ሰው ቤት በምትገባበት አገር። አምዶች አቆመ፣ ከግቢው መሃል ገንዳ አስቆፈረ፣ ወለሉን በሙሉ ከጥርስ በማይበልጡ ባለቀለም ጠጠሮች ሥዕል አለበሰው። የወይን ሐረግ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ገላዋን የምትታጠብ ሴት አለች። ለገንዳው ግን ውኃ አልተገኘም። በመኝታ ክፍሉ ወለል ላይ ደግሞ፣ ያበላውን እንጀራ ላለመርሳት ይሁን ወይም ጠጠር ተርፎት፣ ጭሱን የሚተፋ አንድ ጥቁር ባቡር አስደረደረ። ከዚያ እንግሊዞች መጡና ሰውየው ሸሸ። ጠጠሩን በመዶሻ ሲሰብሩ ከከረሙት ሰዎች አንዱ የዲሪዬ አባት ነበሩ።

ጣሪያው ከወደቀ ዘመን ቆጥሯል። የቀሩት ያቺ መኝታ ክፍልና ከፊቷ ያለው አዳራሽ ናቸው። ዲሪዬ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ በቆርቆሮ ከደናቸውና ቢሻሮን ይዞ ገባ። ቢሻሮ በገባች ዕለት መጀመሪያ ያደረገችው የምትታጠበዋን ሴት የፕላስቲክ ምንጣፍ ማልበስ ነበር። «ባሌ ጠዋት ጠዋት እሷን ረግጦ አይወጣም» አለች። «ረግጧት ብቻ ቢወጣ ደግ ነበር!» የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ በግራሩ ጥላ አሸዋ ላይ ሸሕ የሚሉትን የጠጠር ጨዋታ ሲጫወቱ ጠጠር ባነሳቸው ቁጥር ከአዳራሹ ወለል እየፈለቀቁ ስለሚወስዱ፣ ከዓሦቹ ግማሾቹ ጭራ የላቸውም። የሴትየዋም ግራ ትከሻ በጨዋታ አልቋል። ባቡሩን ግን የነካው የለም፤ ዲሪዬ ተኝቶበታላ።

ዲሪዬ ፍሬን ያዥ ነበር፤ ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ ተቀምጦ ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬኑን የሚያጠብቅ ሰው ማለት ነው። ነጂውን አገር ያውቀዋል፣ ትኬት ቆራጩን አገር ይሰድበዋል፣ ፍሬን ያዡን ግን የሚያውቀው ባቡሩ ብቻ ነው ይል ነበር። አሮጌው ባቡር ደግሞ እንደ ሰው ታሞ፣ ተኝቶ፣ ተሰናብቶ አልሄደም። አንድ ቀን አልመጣም፣ በማግስቱም አልመጣም፣ ሰዎች ሀዲዱ ላይ ልብስ ማስጣት ጀመሩ፣ በቃ። «ከእንግዲህ የለም» ብሎ የተናገረ አንድ አፍ አልተገኘም። አሁን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ራቅ ብሎ ሽው ይላል፤ ዲሪዬ ግን ጭስ የሌለውን ነገር ባቡር አይለውም። ዕድሜውን የሰጠው ነገር እንዳልነበረ ሆኖ መቅረቱ ያቃጥለዋል። የጎረቤት ልጆች «ሥራህ ምን ነበር?» ሲሉት፣ ወገቡን እያመመውም ቢሆን አልጋውን ገፋ ያደርግና፣ «ይኸው፣ ይኼ ነበር» ይላቸዋል።

በ2015 ዓ.ም. ትግሉ የሚባል ባለሙያ ከጂጂጋ መጣ። የጥንታዊ ቅርሶች ማሰባሰቢያ የሚባል ፕሮጀክት ተቋቁሞ ነበርና ትግሉ በየወረዳው እየዞረ ያረጀ ነገር ይፈልጋል። ቸኩሎ የሚናገር፣ ቸኩሎ የሚደሰት፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ቢሻሮ ሳትወድ ምንጣፉን ገለጥ ስታደርግለት በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። ቢሻሮ ለጸሎት መስሏት ቂብላው በዚያ በኩል አይደለም ልትለው ነበር።

«የሮማ ነው!» አለ ትግሉ፣ ሽማግሌውን በሶማልኛ አጎቴ ብሎ እየጠራ። «አዴር ዲሪዬ፣ ይህ እኮ የሮማ መኳንንት የገጠር ቪላ ነው! ሁለት ሺህ ዓመት!»

«አባቴ የሰበሩት ድንጋይ ነው» አለ ዲሪዬ። «አባቴ ደግሞ ሁለት ሺህ ዓመት አልኖሩም። ሰባ እንኳ አልሞሉም።»

«ይህ የቃል ታሪክ ይባላል፣ አዴር። በጣም እናከብረዋለን» አለና ፎቶ ማንሳቱን ቀጠለ። መኝታ ክፍሉንም ልይ ሲል ቢሻሮ በሩን በሰውነቷ ሞላችው። «እኛ ስንሞት ታየዋለህ» አለችው። ትግሉ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ጂጂጋ እስኪደርስ እንኳ አላስቻለውም፤ ድሬዳዋ ምሳ እየበላ ሪፖርቱን በስልኩ ላከው። ሪፖርት ደግሞ ተፈጥሮው መውጣት ነው። ከትግሉ ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ በላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ደመና ወዳለበት ቦታ ወጣ፤ በየፎቁ ምስጋና ተጨመረበት፣ በየፎቁ ማኅተም አረፈበት። ወጥቶ የተመለሰ ሪፖርት ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዙም ሳይቆይ ቪላው ሊታጠር ስለሆነ ቤቱን እንዲለቅ ለዲሪዬ ተነገረው።

አዲጋላ በደስታ ሰከረች። ሻይ ቤት ያለው ጉሃድ፣ የድሮ ትኬት ቆራጭ የነበረው፣ በማግስቱ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሮማ ሆቴል» ብሎ ጻፈ። አልጋ የለውም፤ ያለው አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ ፍሪጅ ነው፣ ፍሪጁም መብራት ሲኖር ብቻ ነው ፍሪጅ የሚሆነው። ቱሪስት ይመጣል፣ አስፋልት ይመጣል፣ ውኃ ይመጣል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተሰብስበው ዲሪዬን አስጠሩት። አሸዋው ላይ የጨዋታው ጠጠሮች እንደተደረደሩ ነበሩ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የሞላቸው።

«ዲሪዬ» አለ ጉሃድ፣ «ቪላው የጣሊያኑ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ንገሩዋ!»

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ለምን ብለን እንነግራለን? ጣሊያኑ ምን ሰጥቶን ያውቃል? ሮማ ግን አስፋልት ልትሰጠን ነው። አንተ ዝም በል። ቤት እኛ እንሠራልሃለን።»

«ባቡሩስ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመሃከላቸው ምድር ባቡር ያልሠራ አልነበረም። ባቡሩ መቼም ለሮማ አይመችም፣ ብታነሳው ምን አለ፣ በመዶሻ ነካ ነካ ብታደርገው አለው ጉሃድ፣ ዓይኑን ከአሸዋው ሳያነሳ። ዲሪዬ ተነስቶ ሄደ። ከሁሉ ያንገበገበው የጉሃድ ነገር ነው፤ ሰው የገዛ ሥራውን በመዶሻ በለው ይላል?

ቢሻሮ ይህን ስትሰማ እንደሱ አልተብሰለሰለችም። «አልጋውን አንሳና አሳያቸው» አለችው። «ከሮማ ባቡር ሲወጣ ያፍሩና ይሂዱ። ቤቴንም ይተዉልኝ። በዚህ ጉልበቴ እንደገና ጎጆ መትከል አልችልም።»

ዲሪዬም ጠበቀ። በወሩ መጨረሻ ትግሉ የፕሮጀክቱን ኃላፊ ይዞ መጣ። ወይዘሮ ደስታነሽ ትባላለች፤ ጂጂጋ ተወልዳ ያደገች፣ በሶማልኛ ከነጋዴ ጋር ተከራክራ የማትረታ፣ ፊቷ ከቢሮ ሰዓት ውጭም የቢሮ ሰዓት የሆነ ሴት። የአዳራሹን ወለል አየች፣ የሴትየዋን ትከሻ ማን እንደበላው ጠየቀች፣ ቢሻሮም የሽማግሌዎቹን ጨዋታ ነገረቻት። ከዚያ ዲሪዬ የመኝታ ክፍሉን በር ከፈተና ትግሉን፣ «በዚያኛው ጫፍ ያዝ» አለው። አልጋውን አንስተው ወደ ግድግዳው አስጠጉት።

ባቡሩ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ጎማዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ከፊቱ ፋኖስ አለው፣ ከጢስ ማውጫው የወጣው ጭስ በግራጫ ጠጠር ተጠቅልሎ እስከ ግድግዳው ይሄዳል። በኋለኛው ፉርጎ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ተቀምጧል። ዲሪዬ ያ ሰውዬ ፍሬን ያዥ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም።

የትግሉ ፊት ወዙ ጠፋ። ደስታነሽ መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ ጠርጋ እንደገና አደረገች። ባቡሩ አልተለወጠም።

«ሰረገላ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ምን?» አለ ዲሪዬ።

«የሮማ የጦር ሰረገላ።»

«ጭሱስ?»

«አቧራ ነው። ሰረገላ ሲሮጥ አቧራ ያስነሳል።»

«በጢስ ማውጫ?»

«ፈረሱስ የታለ?» አለች ቢሻሮ ከበሩ ላይ። ደስታነሽ ዞር ብላ አየቻትና፣ «ፈረሱን ሽማግሌዎቹ ለጨዋታ ወስደውታል» አለቻት።

ከዚያ ደስታነሽ ዲሪዬን ብቻውን ወደ ደረቁ ገንዳ ወሰደችው። ጫፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ድምጿ ተለወጠ፤ የደከማት ሴት ድምፅ ሆነ።

«አቶ ዲሪዬ፣ ሪፖርቱ ወጥቷል። እኔም ፈርሜበታለሁ። ከእኔ በላይ ያሉትም ፈርመውበታል። አሁን ማን ሄዶ ነው ባቡር ነው የሚላቸው? እርስዎ ይሄዳሉ?»

«እኔማ እሄዳለሁ!»

«እርስዎን ማንም አያስገባዎትም። እኔን ያስገቡኛል፣ ስወጣ ግን ሥራ የለኝም። ይስሙኝ። ሰረገላውን ቆርጠን ጂጂጋ እንወስደዋለን፤ በፕሮጀክቱ ግቢ ይታያል። አዳራሹ እዚሁ ይቀራል። እርስዎና ባለቤትዎ ከዚህ ቤት አትወጡም፤ እርስዎን ጠባቂ አድርጌ እቀጥራለሁ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባቡር የሚለው ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። በምርቃቱም ቀን ካሜራ ፊት ሰረገላ ነው ይላሉ።»

ዲሪዬ ገንዳውን አየ። መውሰዳቸው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ቀይረው መውሰዳቸው ግን እሱንም አብሮ መሰረዝ ነው፣ የሮማ ሰረገላ ፍሬን ያዥ የለውማ። ግን ቢሻሮ በሩ ላይ ቆማ ጉልበቷን እያሸች ታየዋለች። ቆርቆሮውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና እሷን አየ።

«ባቡር የሚለው ከአፌ አይወጣም» አለ። «ወላሂ።»

ድንጋይ ቆራጮች ከድሬዳዋ መጥተው መኝታ ክፍሉን ሲያናውጡት ሰነበቱ። ቢሻሮ ለአቧራው ረገመቻቸው፣ ለምሳቸው ግን ሩዝ ቀቀለችላቸው። ባቡሩ ከነመሬቱ ተፈልቅቆ፣ በጣውላ ታሽጎ፣ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ሹፌሩ ሞተር ሊያስነሳ ሲል ዲሪዬ ንጹሕ ሽርጡን ታጥቆ፣ ከኋላው እየተንጠላጠለ ጭነቱ ላይ ወጣና በመጨረሻው ፉርጎ በኩል ተቀመጠ።

«አዴር፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ትግሉ።

«የድሮ መሥሪያ ቤቴ ደንብ ነው። ያለ ፍሬን ያዥ የሚንቀሳቀስ የለም።»

«ሰረገላ ነው እኮ!»

«እኔ ምን አልኩ? የሚንቀሳቀስ የለም ነው ያልኩት።»

ትግሉ ሹፌሩን አየ፣ ሹፌሩ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እንዲሄድ ተፈቀደለት። አዲጋላ ግልብጥ ብላ ወጥታ ነበር። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ግን ጡረተኞቹ ሁሉ፣ ነጂ የነበሩት፣ ከሰል የጣሉት፣ ሀዲድ የጠገኑት፣ ከየቦታው መጥተው ልክ ጣቢያው አጠገብ ተሰለፉ። ያኔ ሳይሰናበታቸው የቀረውን አሁን ሊሰናበቱት መሰለ። ጉሃድ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። አይሱዙው ሲነሳ ሳያስበው እጁን አውለበለበ፤ ከዚያ ሰው ያላየው መስሎት ዓይኑን በሻርቡ ጠረገ። ዲሪዬ አየውና ይቅር አለው።

በሽንሌ አድርገው፣ ድሬዳዋን አልፈው፣ የደንገጎን ዳገት እያቃሰቱ ወጡ። በሐረር ሲያልፉ የጫት ቸርቻሪዎች «የማን የመቃብር ድንጋይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዲሪዬ አልመለሰም፤ ቃል ገብቷላ። ከባቢሌ ወዲያ ንፋሱ በረታ። ካራማራን ወጥተው ወደ ጂጂጋ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ሽማግሌው እግሩን ጣውላው ላይ ተክሎ፣ በሁለት እጁ በሌለ እጀታ ላይ ፍሬን እያጠበቀ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶ ሳቀበት። ዲሪዬ አልሳቀም፤ የዚያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም። ሀዲዱ ጂጂጋ ደርሶ አያውቅም፤ ባቡር ሲገባባት የመጀመሪያዋ ነው፣ ይህንንም ያወቀው እሱ ብቻ ነው።

የፕሮጀክቱ ግቢ በድንኳንና በባንዲራ አሸብርቋል። ኮካና ሚሪንዳ ተደርድሯል፣ ካሜራ ተተክሏል፣ ድምፅ ማጉያው በየመሃሉ ያፏጫል። ድንጋዩ ከሚቆምበት ቦታ በላይ ሰሌዳ አስቀድሞ ተሰቅሏል፤ «የሮማ የጦር ሰረገላ» ይላል በሦስት ቋንቋ። ደስታነሽ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ የድምፅ ማጉያውን ማይክ ይዛ እንግዶቹን ትቀበላለች። ሠራተኞቹ ጭነቱን በገመድና በጣውላ እያንሸራተቱ ማውረድ ሲጀምሩ፣ ማይክ የያዘች ጋዜጠኛ ዲሪዬ ፊት ቆመች።

«አባት፣ እርስዎ ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩ ናቸው ተብሏል። ይህ የምናየው ቅርስ ምንድን ነው?»

ደስታነሽ ከወዲያ አፍጥጣ ታየዋለች። ከጎኗ ትግሉ ጥፍሩን ይበላል። ዲሪዬ ቢሻሮን አሰባት፣ በሩ ላይ ቆማ ጉልበቷን ስታሽ። አንዲት ቃል ናት። እንኳን ቃል፣ ስንት ተራራ ወርዷል። ምላሱን አዘጋጀ፣ አፉን ከፈተ።

ቃሏ አልወጣችም። ጋዜጠኛዋ ማይኩን አስጠጋች። ዲሪዬ እንደገና አፉን ከፈተ፤ አሁንም የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እድሜ ልኩን ከጀርባው የተቀመጠበትን ነገር ሰው ፊት ሊክደው አልቻለም። ሊናገር ነው እንግዲህ፣ ቤቱም ሊሄድ ነው።

ያኔ ገመዱ ተበጠሰ።

ድንጋዩ ጣውላው ላይ ሸርተት አለ፤ ሠራተኞቹ ጮኸው ዘለው ገለል አሉ። ዲሪዬ ሲሮጥ ማንም አላየውም፤ ያዩት ትከሻውን ከሥሩ ሰክቶ፣ እግሩን መሬት ተክሎ፣ እንደያዘው ነው። ድንጋዩ ግን ገና እየከበደ፣ ገና እየመጣበት ነበር። በዚህ መሃል ከድንኳኑ በኩል አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያው ውስጥ ጮኸች።

«ባቡሩን! ባቡሩን ያዙ! ኧረ ባቡሩ ተሰበረ፣ ባቡሩን ያዙ እንጂ ምን ቆማችኋል!»

ሰው ሁሉ ተረባረበ። ድንጋዩ ቆመ። አንድ ጠጠር እንኳ አልወለቀም። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ዞሮ ወይዘሮ ደስታነሽን አያት። ማይኩ በእጇ ነው። ከሰሌዳው ሥር ቆማለች። ካሜራው ደግሞ ከሷ ላይ አልተነሳም።

«ማለቴ...» አለች። ከዚያ ማለቷ ምን እንደሆነ ስትፈልግ አጣችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሚሪንዳ ከፍታ ጠጣች። ትግሉ ሰማይ ሰማዩን ያያል። እንግዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ፣ «እኔም እኮ ጎማውን ሳየው...» ብለው ጀመሩና ሳቅ ቀደማቸው።

ጋዜጠኛዋ ግራ ተጋብታ ወደ ዲሪዬ ተመለሰች። ገና ድንጋዩን በትከሻው እንደደገፈ ነበር።

«አባት፣ ምንድን ነው አሉ?»

«እኔ አላልኩም» አለ ዲሪዬ። «እኔ የአላህን ስም ጠርቼ ቃል ገብቻለሁ፤ ቤትም አለኝ። ያሉት ኃላፊዋ ናቸው። እሳቸውን ጠይቂ።»

ይህን ብሎ ሳቀ። ሆዱን እስኪያመው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳያስበው አለቀሰ፣ ሠራተኞቹ ድንጋዩ የተጫነው መስሏቸው ትከሻውን ሊያስለቅቁት መጡ። እሱ ግን ተዉኝ አላቸው።